መስመሩ ላይ ድምፅ ገባ

ያን ሰውዬ የጠላሁበትን ሰዓት ሳይቀር አስታውሰዋለሁ። ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል፤ የመጽሐፉን ምዕራፍ አራት እያነበብኩ ነበር። ልጅቷ ልጁን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ የምታይበት ገጽ ላይ ደርሼ፣ ድምፄም እንደ ድሮው እሺ ብሎኝ፣ ገና ደስ ሊለኝ ሲል ድምፁ ከመስታወቱ ማዶ በማዳመጫዬ ገባ።

«ይቅርታ፣ መስመሩ ላይ ድምፅ ገባ። አምስት ደቂቃ ይስጡኝ።»

የምን ድምፅ? እኔ የትንኝ ድምፅ እንኳን አልሰማሁም! እሱ ግን ተነስቶ መጣና ወፍራሙን በር ከፈተ፣ ቬንቲሌተሩን አበራ፣ ገመዶቹን ነካ ነካ አድርጎ ተመለሰ። እኔ ወረቀቴን እንደያዝኩ በንዴት ጦፍኩ። ጦፍኩ ስል ለአባባል አይደለም፤ ያ የእሳት ነገሬ ወዲያው ተነሳና ላብ በላብ ሆንኩ። እሱ ነው ያናደደኝ፣ ንዴቱ ነው ያሞቀኝ ብዬ ደመደምኩ።

ቆይ፣ ከሥሩ ልጀምር። ሥራዬ ማንበብ ነው። ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ «አነባለሁ» ስል ሰው ይስቃል፤ እውነቴን ግን ነው። ዓይናቸው ለማያይ፣ መኪና ለሚነዱ፣ ልብስ ለሚተኩሱ፣ እንቅልፍ እምቢ ላላቸው ሰዎች መጽሐፍ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ይቀዳል፣ በየቤቱ ይሰማል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ኑሮዬ ይሄ ነው።

የማነብባት ክፍል ከትልቅ ቁም ሣጥን ብዙም አትበልጥም። ግድግዳዋ በስፖንጅ ተሸፍኗል። ጠረጴዛዋ ላይ ወረቀት እንዳይንኮሻኮሽ ወፍራም ጨርቅ ተነጥፏል። አምባር አይደረግም፣ የሚንኮሻኮሽ ልብስ አይለበስም፣ ቁርስ ሳይበላ አይገባም፣ ሆድ ያጉረመርማላ! መስኮት የሚባል ነገር የለም። ከሁሉም የባሰው ደግሞ ቀይዋ የመቅጃ መብራት ስትበራ ቬንቲሌተሩ ይጠፋል፤ ማይኩ የማይሰማው ነገር ስለሌለ።

እንግዲህ ሰውነቴ እሳት ለማንደድ የመረጠው እዚህች ክፍል ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ደረቴ ላይ አንድ ሰው ክብሪት የጫረ ይመስለኛል። ከዚያ አንገቴን ይዞ ይወጣል። ጆሮዬ ይግላል፣ ፊቴ ይነዳል፣ ላቡ ከፀጉሬ ሥር ተነስቶ በጀርባዬ ይወርዳል። ልቤ ደረጃ የወጣሁ ይመስል ይደልቃል። ሦስት አራት ደቂቃ ነው። ከዚያ ጥሎኝ ይሄድና በእርጥብ ሸሚዝ እንቀጠቀጣለሁ። ሹራብ ማውለቅ፣ ሹራብ መልበስ፣ ደግሞ ማውለቅ። ሌሊቱ አንሶላ ሲቀየር ይነጋል። ጉልበቴ ያለ ምክንያት ይጠዘጥዘኛል፣ በትንሽ ነገር ቆሽቴ ያራል፣ በትንሽ ነገር ደግሞ አለቅሳለሁ። ይሄ አልበቃ ብሎ ቃል ይጠፋብኛል። እኔ! በቃል የምኖረው ሴትዮ! አንድ ቀን «ማንኪያ» የሚለው ጠፍቶብኝ ልጄን «ያንን... የሚበላበትን ትንሽዬ አካፋ አምጪልኝ» ብያታለሁ።

ሐኪሟ ከመረመረችኝ በኋላ «ማረጥ ጀምረሻል፤ ሌላ ምንም የለብሽም» አለችኝ። የሚረዳ መድኃኒት እንዳለ፣ የሚስማማኝን ቀስ ብለን እንደምንመርጥ ነገረችኝ። እኔ ግን ከዚያች ቃል በኋላ ያለውን በደንብ አልሰማሁትም። ማረጥ! ቃሉን ጠላሁት። ዝናብ የራቀው መሬት የሆንኩ መሰለኝ።

ታላቅ እህቴ ስነግራት በሳቅ ፈረሰች።

«እኔ ሲጀምረኝ ባሌን ከነብርድ ልብሱ ሳሎን አስወጥቼዋለሁ። ሁለት ዓመት ሶፋ ላይ ነው የተኛው። አንቺ ምን አለብሽ፣ የምታባርሪው ሰው የለሽ!»

እውነቷን ነው። የልጄ አባት ከሄደ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው።

መሥሪያ ቤት ግን ለአንድም ሰው ትንፍሽ አላልኩም። እንዴት ብዬ? የበሩ ጥበቃ እንኳን ዕድሜ ልኩን «እትዬ» ሲለኝ ኖሮ ከዚህ ዓመት ወዲህ «እማማ» ብሎኛል። ሥራ አስኪያጇ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው። የያዝነው መጽሐፍ ደግሞ ሠላሳ ስምንት ምዕራፍ ያለው ወፍራም የፍቅር ልብ ወለድ ነው፤ ባለታሪኳ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነች። ዕድሜ ልኬን እንደዚህ ያለ መጽሐፍ ስመኝ ኖሬያለሁ። «የሬዲዮዋ ልጅ» የምንላት ሃያ ስድስት ዓመቷ፣ ድምፅዋ ማር የሆነ ልጅ ደግሞ መጽሐፉን ለማንበብ ስንት ጊዜ ጠይቃለች። ይቺ አሮጊት አልቻለችም ቢባል በማግስቱ ወንበሬ ላይ እሷ ናት። ስለዚህ ጥርሴን ነክሼ፣ ሁለት ቅያሪ ሸሚዝ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ እመላለስ ነበር።

ሰውዬው የመጣው ልክ መጽሐፉን ስንጀምር ነው፤ የድሮው የድምፅ ባለሙያ ጡረታ ወጥቶ። መጀመሪያ ያየሁት ደረጃ ላይ ነው። የዓለም ሕዝብ ሁሉ ካፖርት በለበሰበት ቀን እኔ በእጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ሆኜ፣ በምዕራፍ ሁለት ወረቀት ራሴን ሳራግብ ከታች ወጣ።

«ሙቀት አለ እንዴ?» አለኝ።

«አንተን ምን አገባህ?»

«ምንም። ገጽ አርባ አንድ ወድቆብዎት ላቀብልዎት ብዬ ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ወረቀቱን ተቀበልኩት። ሃምሳ ሦስት፣ ሃምሳ አራት ይሆነዋል። ረጅም ነው፣ ጺሙ ሽበት አለበት፣ ሲስቅ ድምፅ አያወጣም፤ ዓይኑ ብቻ ነው የሚስቀው። ያን ቀን በዓይኑ ሳቀብኝ።

ሰዉ ሁሉ «ጆሮ» ይለዋል። አውቶቡስ ገና ከመታጠፊያው ብቅ ሳይል በሞተሩ ያውቀዋል፤ «ይሄኛው ብሬኩ አልቋል፣ አትሳፈሩበት» ይላል። የጽሕፈት ክፍሉን አታሚ ማሽን ከኮሪደር ሆኖ ሰምቶ የትኛው ጎማ እንደተበላ ነግሯቸዋል። ይሄ ሰው እንግዲህ በቀን አራት አምስት ጊዜ ያስቆመኝ ጀመር።

«ይቅርታ፣ መስመሩ ላይ ድምፅ ገባ።»

በሩ ይከፈታል። ቬንቲሌተሩ ይበራል። ገመድ ነካ ነካ። እኔም ወዲያው እነዳለሁ። ሁልጊዜ! እሱ ሲያስቆመኝ እሳቱ ይመጣል። እንደ ጠላት የማየው ለዚህ ነው። ደግሞ ሳነብ አያየኝም፤ ወንበሩ ላይ ተለጥጦ ዓይኑን ይጨፍናል። ልጅቷ ስታለቅስ እኔ እውነተኛ እንባ እየተናነቀኝ ሳነብ ሰውዬው ይተኛል! አንድ ቀን ተነስቼ መስታወቱን ልመታው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ጉዱ ታዲያ ከሥራ ስንወጣ ነው። አውቶቡስ የምንጠብቀው አንድ ቦታ ነው፤ ቆሞ ከሰው ጋር ዝም መባባል ደግሞ አልችልበትም።

«የእርስዎ መጣ» ይለኛል።

«የታለ?»

«ገና አልታጠፈም። ሞተሩ የሚያስለው ነው።»

እውነትም የኔው አውቶቡስ ብቅ ይላል።

«ሰውንም እንዲህ በድምፁ ታውቃለህ?» አልኩት አንድ ቀን።

«ሰው ይከብዳል። መኪና ሲያመው አይደብቅም።»

«ምን ለማለት ነው?»

«ምንም። አውቶቡስዎ ሊያመልጥዎት ነው።»

አመለጠኝ። የሚቀጥለውንም አሳለፍኩት። ከአራት እህቶች ጋር እንዳደገ ነገረኝ፤ ባለቤቱን ከቀበረ ስድስት ዓመቱ ነው። እህቶቹ ሲጣሉ ማን በር እንደዘጋ ከአዘጋጉ እያወቀ እናቱ ዘንድ ሲጠራ ይመሰክር ነበር አሉ። ከት ብዬ ሳቅኩ፤ መንገድ ላይ፣ በሃምሳ ዓመቴ! ቤት ገብቼ ልብስ ሳጥፍ ልጄ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ።

«እማዬ፣ እየዘፈንሽ ነው።»

«ማን? እኔ? ሂጂ ሥራሽን ሥሪ!»

በማግስቱ ጠዋት ግን ያው ነው። መስመሩ ላይ ድምፅ ገባ። ያስቀኛል ማታ፣ ያነደኛል ጠዋት። እውነተኛው ሰውዬ የትኛው እንደሆነ ግራ ገባኝ።

በአምስተኛው ሳምንት ሥራ አስኪያጇ አስጠራችኝ።

«እትዬ፣ ሃምሳ ገጽ ወደኋላ ቀርተናል። ባለሙያውንም ጠይቄያቸዋለሁ፤ ድምፅዎ ወርዷል ነው ያሉኝ። እና... ድካም ካለ አይጨነቁ፤ የሬዲዮዋ ልጅ ነፃ ነች።»

ድምፅዎ ወርዷል! እሱ ነው ያለው! ደሜ ፈላ። ክብሪቱም በዚያው ሊጫር ነበር። አፌ ከኔ ቀድሞ ተናገረ።

«ድካም የለብኝም! ጥፋቱ የማሽኑ ነው። በቀን አምስት ጊዜ መስመሩ ላይ ድምፅ ገባ እያለ ያስቆመኛል። ወይ ማሽኑን አሠሪ፣ ወይ ሰውየውን ቀይሪ!»

የተናገርኩትን ያወቅኩት ከተናገርኩ በኋላ ነው። እሷ ግን ጻፈችው።

ረቡዕ ከውጭ መርማሪ መጣ። ቀኑን ሙሉ ገመድ ሲፈታ፣ ሲገጥም፣ ሲለካ ዋለ። ማምሻውን እጁን እየጠረገ ወጣና ሦስታችንም ባለንበት «መስመሩ ንጹሕ ነው። ከዚህ የጸዳ ስቱዲዮ ገብቼ አላውቅም» አለ።

ሥራ አስኪያጇ ወደ ጆሮ ዞረች። «ታዲያ የሚሰሙት ድምፅ የቱ ነው?»

እኔን አየኝ። አንድ ሰከንድ ቢሆን ነው። በመስታወት ማዶ አምስት ሳምንት ያላየኝ ሰው ያን ጊዜ አየኝ፤ ዓይኑ ውስጥ ቁጣ ብፈልግ አጣሁ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ።

«እንግዲያው ጆሮዬ ነው የተሳሳተው» አለ።

«ጆሮው የሚሳሳት የድምፅ ባለሙያ ምን ይሠራልኛል?» አለች። «አርብ ጠዋት እንነጋገራለን።»

አርብ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም ገባን። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። ማታ አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ አልመጣም። ቆሜ ሳስበው አልዋጥልሽ አለኝ። የአታሚ ማሽን ጎማ ከኮሪደር የሚሰማ ሰው ያን ሁሉ ጊዜ ይሳሳታል? ድምፁማ አለ! መርማሪው ነው ያጣው። አገኘዋለሁ ብዬ ማልኩ። እንዲባረርልኝ የጠየቅኩትን ሰው ላስጥል መሆኔ ራሴን ገረመኝ።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት ሁሉም ሲወጣ ወደ እሱ ክፍል ገባሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ ከመስታወቱ በዚያኛው ወገን ተቀምጬ አላውቅም። ማሽኑን ማስነሳቱን ከድሮው ባለሙያ ስላየሁ አላስቸገረኝም። ጠረጴዛው ላይ ደብተሩ አለ፤ ቀን፣ ምዕራፍ፣ ደቂቃ፣ «ቆመ»። ቀን፣ ምዕራፍ፣ ደቂቃ፣ «ቆመ»። ዘጠና ሦስት ጊዜ። ማዳመጫውን አጠለቅኩና ከምዕራፍ አራት፣ ከዚያች ማክሰኞ ጀመርኩ።

አነባለሁ። ድምፄ ደህና ነው። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር መሃል ላይ ትንፋሼ አጠር ትላለች። ምራቄን እውጣለሁ። ሁለት ቃል አነብና እንደገና አጠር። ያኔ «ይቅርታ፣ መስመሩ ላይ ድምፅ ገባ» ይላል።

ወደኋላ መለስኩት። ጫጫታ የለም። ጉርምርምታ የለም። ትንፋሼ ብቻ።

ሁለተኛውን ከፈትኩ፣ ሦስተኛውን፣ አሥረኛውን። ያው ነው! ትንፋሼ ታጥራለች፣ ምራቄን እውጣለሁ፣ ያስቆመኛል። እኔ እሳቱ የሚመጣው እሱ ሲያስቆመኝ ነው ስል፣ ለካ እሱ የሚያስቆመኝ እሳቱ ሲመጣ ነው! ሰውነቴ ለኔ ሳይነግረኝ ለእሱ ይነግረው ነበር። በሩን የሚከፍተው አየር እንዳገኝ ነው። ቬንቲሌተሩን የሚያበራው እንዲበርድልኝ ነው። ያ ሁሉ ገመድ መነካካት ቴአትር ነበር። ዓይኑን የሚጨፍነውም ተኝቶ አይደለም፤ እየሰማኝ ነው።

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ፤ አላቆምኩም። ማሽኑ ንባቡ ከቆመም በኋላ ለጥቂት ጊዜ መቅዳቱን አይተውም ለካ።

«ይሄ ደንቆሮ ደግሞ ጀመረው!» ትላለች አንዲት ሴትዮ። እኔ ነኝ። ከዚያ ማዳመጫዬን ጠረጴዛው ላይ ስወረውረው ይሰማል፤ ጓ! ከዚያ ዝምታ። ከዝምታው በኋላ የሱ ድምፅ፣ በጣም ዝቅ ብሎ።

«አይዞሽ» ይላል። «አይዞሽ፣ አሁን ያልፋል።»

ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ አልነበረማ! ፊት ለፊቴ «እርስዎ» የሚለኝ ሰው ለባዶ ማዳመጫ «አይዞሽ» ሲል ከርሟል። ሌላውን ከፈትኩ። እዚያም እሰድበዋለሁ፣ እዚያም «አይዞሽ» ይላል። ምዕራፍ አሥራ አንድ ላይ «አይዞሽ፣ ቆንጆ ነበር ያነበብሽው» ብሏል። አንጀቴን በላው። እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀስኩ፣ አላበኝ፣ በረደኝ፣ ሦስቱም ባንድ ላይ።

ለአርብ አጥቢያ ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም፤ በላብ ሳይሆን በሐሳብ። ብናገር መጽሐፉ ሊሄድ ይችላል፤ የምመኘው መጽሐፍ፣ ከነወንበሩ። ዝም ብል እሱ ይሄዳል፤ ያውም ጆሮው ደነቆረ ተብሎ፣ ሌላ ቦታም ማንም የማይቀጥረው ሰው ሆኖ። ሊናገር ይችል ነበር። አንድ ቃል ብቻ ቢል ይድን ነበር። ያንን ቃል ግን እኔ መናገር እንደማልፈልግ ያውቃል።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የሥራ አስኪያጇን በር ሳላንኳኳ ከፈትኩ። እሱ ካፖርቱን እንደለበሰ ቆሟል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ደብዳቤ አለ።

«እትዬ፣ እርስዎን እኮ አልጠራሁም።»

«አውቃለሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው የመጣሁት። የዚህ ሰው ጆሮ አልተሳሳተም።»

«ይተዉት» አለኝ እሱ በቀስታ። «ግድ የለም።»

«እኔ ግድ አለኝ!»

ምን ልበላችሁ፣ እዚያው ተነሳብኝ! ደረቴ፣ አንገቴ፣ ጆሮዬ፣ ግንባሬ። ሹራቤን አውልቄ ወንበር ላይ ወረወርኩ። ጠረጴዛው ላይ ያገኘሁትን ወረቀት አንስቼ ራሴን አራገብኩበት። የእሱ የስንብት ደብዳቤ መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው።

«ይኸውልሽ» አልኳት፣ ላቡ በአፍንጫዬ እየወረደ። «መስመሩ ላይ የገባው ድምፅ ይሄ ነው። እኔ ነኝ። እያረጥኩ ነው። ሃምሳ ዓመቴ ነው፣ እያረጥኩ ነው፣ በቀን አምስት ጊዜ እንዲህ እነዳለሁ። እሱ ከትንፋሼ ቀድሞ እየሰማ ሲያስቆምልኝ ነበር። እኔ ደግሞ ስሰድበው ነበር። በደለኛዋ እኔ ነኝ፤ የምታሰናብቺው ሰው ካስፈለገሽ ይኸው።»

ቃሉ ከአፌ ወጣ። ጣሪያው አልተደረመሰም። እሱን አላየሁትም፤ ብቻ እያየኝ እንደሆነ አወቅኩ።

«እና ይሄን ለመናገር ሰው እስኪባረር ይጠበቃል?» አለች ሥራ አስኪያጇ በመጨረሻ።

«አንቺ ሃምሳ ሲሞላሽ ትነግሪኛለሽ!»

ሳቅ አመለጣት። ከመቀመጫዋ ተነስታ መስኮቱን ከፈተችልኝ። ነፋሱ ሲገባ ነፍሴ ተመለሰች።

«ምን ቢደረግ ይሻላል?» አለች።

እኔ አፌን ሳልከፍት እሱ መለሰ። «በየሃያ ደቂቃው ይቁም። በሩ ይከፈት። ገጹ ይደርሳል። መጽሐፉን ግን ከእሳቸው እንዳትወስጂ።»

«ድምፃቸው ወርዷል ብለውኝ አልነበረም እንዴ?»

«ወርዷል አልኩ እንጂ ተበላሽቷል መቼ አልኩ! መልሴን ሳታስጨርሺኝ ተነስተሽ ሄድሽ። ልጅቷ ታሪኳን የምትናገረው እኮ አድጋ፣ ኖራ፣ ብዙ አይታ ነው። የሃያ ስድስት ዓመት ድምፅ ያንን ከየት ያመጣዋል? እኔ በሠላሳ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ ንባብ ቀድቼ አላውቅም።»

ሥራ አስኪያጇ እሱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ወረቀቱን ከእጄ ተቀበለችኝ። በላቤ ርሶ ቀለሙ ተሰራጭቷል።

«ይሄማ አይነበብም» አለችና ጨምድዳ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። «ሂዱ፣ ሃምሳ ገጽ አለባችሁ።»

ከሰዓት በኋላ ምዕራፍ ሃያን ጀመርን። ቀይዋ መብራት በራች። አነበብኩ፣ አነበብኩ፣ ድምፄ ወደ ታች ሲወርድ ዝም ብዬ ተከተልኩት፤ እንዴት ደስ ይላል! አራተኛው ገጽ ላይ ትንፋሼ አጠረች። ይሄኔ እኔ ቀደምኩት። እጄን አነሳሁ።

«ቁም» አልኩ በማይኩ። «እየመጣብኝ ነው።»

ከመስታወቱ ማዶ ዓይኑን ገለጠ። መጣ። በሩን ከፈተ፣ ቬንቲሌተሩን አበራ። ገመድ አልነካም። በሩ ላይ ተደግፎ ቆመ፤ እኔም ፊቴን ሳልሸፍን፣ ላቤን ሳልጠርግ አየሁት። በመካከላችን መስታወት ሳይኖር በደንብ የተያየነው ያን ጊዜ ነው።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ምን ብዬ? ‹እመቤት፣ ሊያልብዎት ነው› ልበል? በዓይንዎ ነበር የሚያቃጥሉኝ።»

«ለባዶ ማዳመጫ አንቺ ስትለኝ ከርመህ አሁን ነው እርስዎ?»

ኩም አለ። ያ ሁሉ የሚሰማ ጆሮው ቀላ።

«ሰምተሻል?»

«ሃያውን ያህል። ሌላውን ቀስ ብዬ እሰማዋለሁ።»

መሬት መሬት አየ። ከዚያ በድምፅ ሳቀ፤ ሲስቅ ድምፁን ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። እኔም ሳቅኩ። ቬንቲሌተሩ ያጉረመርማል።

«እኔ ቤት ስድስት መስኮት አለ» አለኝ ድንገት።

«ምን?»

«ስድስት። ሁሉም ይከፈታል። መኝታ ቤቱ ብቻ ሁለት አለው።»

አየሁት። ቀልዱን አይደለም። እጁ የበሩን እጀታ ጭምቅ አድርጎ ይዟል።

«ሰውዬ፣ ይሄ ጥያቄ ነው?»

«ነው።»

«በብርድ ትሞታለህ!»

«ካፖርቴን ለብሼ እተኛለሁ።»

ላቡ ደርቋል፣ ሙቀቱ ካለፈ ቆይቷል፤ ልቤ ግን ይደልቃል፣ አልለቀቀኝም። ደስታ ነው! በሃምሳ ዓመቴ፣ ፀጉሬ እንደረጠበ፣ ሹራቤ በግልባጩ እንደተለበሰ፣ ደስታ! ቀኑ ሊያልቅ አንድ ሰዓት ይቀረዋል፤ ሃምሳ ገጽ አለብን። ወረቀቴን ሰብስቤ ቦርሳዬን አነሳሁ።

«መጀመሪያ መስኮቶቹን ልያቸው» አልኩት።